ሲስተር ዘቢደርና ሁለቱ ጠርሙሶች

ሲስተር ዘቢደር ታክሲ ላይ ከሰው ጋር የምትነታረክበት አንድ ነገር ብቻ አለ፤ የግራ መስኮት። በግራ በኩል ያለውን የመስኮት ወንበር ካላገኘች አትቀመጥም። ረዳቱ «እናት፣ ግቢ እንጂ!» እያለ ቢጮህ፣ ከኋላ ያለው መኪና ጡሩንባውን ቢያንባርቅ፣ እሷ በሩ ላይ ቆማ መስኮቱን የያዘውን ሰው «ወንድሜ፣ ቦታ ብንቀያየር ምን ይመስልሃል?» ትላለች። ሰውዬው ምክንያቱ ባይገባውም ይነሳላታል። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ «ዞር በል፣ ሱሪህን ዝቅ አድርግ» ስትል የኖረችን ነርስ ድምፅ እምቢ ማለት ቀላል አይደለም።

ምክንያቱ ግራ ጆሮዋ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ አይሰማም። በግራ መስኮት ስትቀመጥ የማይሰማው ጆሮ ለመገናኛ ጫጫታ ይሰጣል፣ የሚሰማው ለሰው ይቀራል። የሚያውቋት ሁሉ ይህን ያውቃሉ፤ ባልደረቦቿ በቀኝ ይመጣሉ፣ ታናሽ ወንድሟ ወንደሰን በቀኝ ይቀመጣል፣ ሰፈርተኛው እንኳ ሰላም ሊላት ሲፈልግ መንገድ ተሻግሮ በቀኝ ይዞርላታል። ይህን ሕግ የማያከብሩ አንድ ሰው ቢኖሩ የገዛ እናቷ ወይዘሮ ዓለም ናቸው። እናትና ልጅ ሲግናል አካባቢ አንድ ቤት ይኖራሉ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ፣ ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ፣ ወይዘሮ ዓለም ሁልጊዜ በግራ ናቸው። «እማዬ፣ በዚህ ነይ እንጂ፣ እዚያ ሆነሽ ምን ብትይ አልሰማሽም» ስትላቸው አሥር እርምጃ ያህል በቀኝ ይሄዱና ሳይታወቅ ተመልሰው ግራ ይሆናሉ። ዝም ብለውም አይሄዱም፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ዘቢደር ጸሎት እያደረሱ ነው ብላ ትተዋቸዋለች። ሰባ ስምንት ዓመት የሞላቸውን ሴት አካሄድ ማን ያስተምራል?

የጆሮው ታሪክ በቤተሰቡ ውስጥ አጭር ነው። አራት ዓመቷ ላይ ጆሮዋን አመማት፣ አተኮሳት፣ ጆሮዋ መገለ። ሐኪም ቤት ወሰዷት፣ የፔኒሲሊን ሽሮፕ ታዘዘላት፣ ጠጣች፣ አልዳነችም። ሐኪሙ «ለዚህች ልጅ ፔኒሲሊን አይሠራላትም» ብሎ መድኃኒት ቀየረ፤ የተቀየረውም ምንም አልፈየደላት። አሥራ ሁለት ዓመት እስኪሞላት ያ ጆሮ ሲፈስ ኖረ፤ ኋላ ደረቀ፣ ሲደርቅም መስማቱን ይዞት ሄደ። ወይዘሮ ዓለም ለጎረቤት ሲናገሩ ከዚህ አያስረዝሙትም። «መድኃኒት አልሠራላትም» ብለው ወሬ ይቀይራሉ። ዘቢደርም ቶንሲሏን ባመማት ቁጥር፣ ጥርሷን ባስነቀለች ቁጥር፣ ሐኪሙ አፉን ሳይከፍት «ለእኔ ፔኒሲሊን አይሠራልኝም» ትላለች። የሕክምና ካርዷ ላይ ራሷ በቀይ እስክርቢቶ ጽፋዋለች።

ነርስ የሆነችው፣ ከነርስነትም ውስጥ የሕፃናትን ጆሮ የመረጠችው በዚህ ምክንያት ነው። አንዱ መድኃኒት አንዱን ልጅ ያድንና ሌላውን የማያድነው ለምንድን ነው? ትልልቅ ሰዎች ትልልቅ ጥያቄ ይዘው ይሞታሉ፤ የእሷ ይህ ነው፤ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ላይም አልለቀቃትም።

ስለዚህ ዶክተር ነአምን የሚባል ወጣት የሕፃናት ሐኪም ወደ ጤና ጣቢያው መጥቶ «ሲስተር፣ ሁለት የጆሮ ሽሮፖች ልናወዳድር ነው፤ እርስዎ የእንጦጦን ዳገት ይይዙልናል?» ሲላት፣ እሺ ያለችው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ነው። ዶክተሩን በሰው ፊት አንቱ ትለዋለች። ለብቻቸው ሲሆኑ ግን አንተ ነው፤ በእሷ ቤት፣ ጢሙ ገና በወጉ ያልበቀለን ልጅ አንቱ ማለት አፍ ያደክማል።

ንጽጽሩ እንዲህ ነው። ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ያሉ፣ ጆሯቸው በባክቴሪያ የታመመ ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ። ለግማሾቹ አገር የሚያውቀው አሞክሲሲሊን ይሰጣል። ለሌሎቹ ያው አሞክሲሲሊን፣ ግን አጋዥ የተጨመረለት። አጋዡ ራሱ ብዙም ጀርም አይገድልም፤ ጀርሙ መድኃኒቱን እንዳይሰብረው እጁን ይይዝለታል። አጋዥ ያለው ውድ ነው፣ ልጆችንም ያስቀምጣል። ርካሹ እኩል የሚያድን ከሆነ ደሃ እናት በከንቱ ለምን ትቸገር? እኩል የማያድን ከሆነም ይታወቅ። የትኛው ልጅ የትኛውን እንደወሰደ እናትየዋም ዘቢደርም ዶክተሩም አያውቁም። ጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ምስጢሩ የተቆለፈበት ሌላ ቢሮ ነው።

የዘቢደር ድርሻ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት የሚወጣው ዳገት ነበር። ታክሲው ከሚያቆምበት ጀምሮ በእግሯ ትወጣለች፤ ከጀርባዋ የጆሮ መመልከቻዋና ቴርሞሜትሯ ያለበት ቦርሳ፣ በብብቷ አረንጓዴ ማህደር። በየቤቱ ገብታ ጆሮ ታያለች፣ ጠርሙስ ትለካለች፣ ትጽፋለች። የሌላ ሰፈር ነርሶች ስንት ጉድ ገጥሟቸዋል። አንዱ አባት ለሳሉ ብሎ የልጁን ሽሮፕ ግማሹን ጨልጦታል። አንዲት እናት ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ ሽሮፑን ጆሮው ውስጥ ስታንጠባጥብ ከርማ ስትጠየቅ «የጆሮ መድኃኒት አይደለም እንዴ?» ብላ መልሳ ተቆጥታለች። የዘቢደር ማህደር ግን አርባ አራት ልጅ፣ አርባ አራት ንጹሕ ገጽ ነው። በስብሰባ ላይ ዶክተር ነአምን ማህደሩን ከፍ አድርጎ «ሥራ እንዲህ ነው!» ሲል፣ እሷ ግራ ጆሮዋን ወደ እሱ አዙራ ያልሰማች ትመስላለች። ሰምታለች እንጂ፤ ምስጋና ሲሆን በግድግዳ አልፎም ይሰማታል።

ጉዱ የመጣው ሐሙስ ዕለት ነው።

ቁጥር አርባ ሦስትና ቁጥር አርባ አራት ጎረቤታሞች ናቸው። አርባ ሦስት ጆኒ ነው፤ እናቱ ፍቅርአዲስ ትባላለች፣ ከባሏና ከአማቷ ከእማማ ፀዳለ ጋር ትኖራለች። አርባ አራት ዙሌካ ናት፤ እናቷ ሰዓዲያ ከስልጤ መጥታ እዚያው ባህር ዛፉ ሥር ትንሽ ሱቅ ከፍታለች። በሁለቱ ቤት መካከል ያለው የቆርቆሮ አጥር ከመሃሉ ተቆርጦ ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ አለው። በዚያ ቀዳዳ ጨው ይሄዳል፣ እሳት ይመጣል፣ ሴቶቹም ልጅ ይቀባበሉበታል። ሁለቱ ሕፃናት በአንድ ሳምንት ጉንፋን ይዟቸው በአንድ ቀን ጆሯቸውን ይዘው አለቀሱ። በአንድ ቀን ጤና ጣቢያ መጥተው ዕጣ ወጣላቸው፣ ለየራሳቸውም ጠርሙስ ተሰጣቸው።

ዘቢደር በአምስተኛው ቀን ስትሄድ ሁለቱንም ፍቅርአዲስ ቤት አገኘቻቸው። ሁለቱ ጠርሙሶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ቆመዋል። እሷም ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ ማህደሯን ከፈተች፣ ጎንበስ ብላ ጠርሙሶቹን አየች፤ ጎንበስ እንዳለችም ቀረች።

የሁለቱም ሽሮፕ ልክ እኩል ነው። በክር የተለካ ነው የሚመስለው። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የሁለት ሴቶች ጠርሙስ እኩል ሆኖ አይታ አታውቅም። አንዷ ታፈሳለች፣ አንዷ ትረሳለች፣ የአንዷ ልጅ ይተፋል። ከፍታ አሸተተቻቸው። በሁለተኛው ቀን ስትመጣ የጆኒው እንጆሪ እንጆሪ፣ የዙሌካው ሙዝ ሙዝ ይል ነበር። አሁን ሁለቱም እንጆሪም ሙዝም ይላሉ።

«ፍቅርአዲስ» አለች ቀና ብላ።

«አቤት፣ ሲስተር።»

«ጆኒ ስንት ኪሎ ነው?»

«አሥራ ሦስት።»

«ዙሌካስ?»

«አሥር፣ አልሐምዱሊላህ» አለች ሰዓዲያ።

«የአሥራ ሦስት ኪሎ ልጅና የአሥር ኪሎ ልጅ እኩል አይጠጡም። መስፈሪያውን የሰጠኋችሁ እኔው ነኝ። ታዲያ እነዚህ ጠርሙሶች እንዴት እኩል ሆኑ?»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ፍቅርአዲስ የነጠላዋን ጫፍ መጠቅለል ጀመረች። ሰዓዲያ ዙሌካ ላይ የሌለ ንፍጥ ጠረገች። በመጨረሻ ከአልጋው ጫፍ እማማ ፀዳለ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ።

«ልጆቹን አትቆጪብኝ፣ ልጄ። የመከርኩት እኔ ነኝ።»

«ምን ብለው መከሩ፣ እማማ?»

«ጆኒን ያ ሽሮፕ አስቀመጠው፤ በቀን አራቴ፣ አምስቴ። የዙሌካ ግን ዝም። ይኼኔ ገባኝ። መድኃኒት ማለት ጠርጎ የሚያወጣ ነው። በእኛ ጊዜ ኮሶ ጠጥቶ ያላስቀመጠው ሰው ‘ኮሶህ ውሃ ነው’ ተብሎ ይደገምለት ነበር። የጆኒ መድኃኒት ነው፣ የዙሌካ ውሃ ነው ማለት ነው። ታዲያ የጎረቤት ልጅ ውሃ ስትጠጣ፣ የእኔ የልጅ ልጅ ለብቻው መድኃኒት ይጠጣ? ነውር አይደለም?»

«እኔ እምቢ ብዬ ነበር» አለች ሰዓዲያ ቶሎ ብላ። «ለጆኒ ይጎድልበታል፣ አይሆንም አልኩ። እማማ ግን ‘እንግዲያው ሁለቱም ይቀላቀልና ለሁለቱም ይድረስ’ አሉ። በየጠዋቱ በጆግ እንቀላቅለዋለን፣ መልሰን እኩል እንሞላዋለን። ከዚያ በሰጡን ልክ ነው የምናጠጣቸው፣ ወላሂ አንድ ጠብታ አልጨመርንም አልቀነስንም።»

«እኛ ከሰዓዲያ ጋር የማንቋደሰው ሥጋ ብቻ ነው» አለች ፍቅርአዲስ። «ሌላውን ሁሉ እንካፈላለን፣ ሲስተር። ሽሮፕ ደግሞ ሥጋ የለበትም።»

ዘቢደርን መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነው፤ ደሟ እስከ ጆሮዋ ወጣ፣ እስከማይሰማው ድረስ። ሁለት ዓመት የወጣችው ዳገት፣ አርባ አራት ንጹሕ ገጽ፣ በአንድ የፕላስቲክ ጆግ! ሁለት መድኃኒት ለማወዳደር አገር ሲደክም እነዚህ ሁለት ሴቶች በየጠዋቱ በፍቅር ያስታርቁታል። ቀጥሎ ግን ሳቅ መጣባት፤ እንዳይታይባት የጆሮ መመልከቻዋን አነሳችና ጆኒን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

የጆኒ ጆሮ ደህና ነው። የዙሌካም ደህና ነው። የመጀመሪያው ቀን ቀልቶና አብጦ የነበረው የጆሮ ታምቡር ግራጫ ሆኖ ያብረቀርቃል። ዙሌካ እንዲያውም መመልከቻውን ነጥቃ የጆኒን አፍንጫ ልታይበት ሞከረች።

«ያውልዎት፣ ድነዋል!» አለች ፍቅርአዲስ፤ ከዚያ ድምፅዋ ቀነሰ። «ሲስተር፣ እባክዎ አይጻፉብን። ከወረቀቱ ያወጡናል። ልጆቹ ነገ ቢታመሙ ማን ያይልናል? ሁለቱም ድነው ሳለ ብንካፈል ባንካፈል ምን ለውጥ አለው?»

ሰዓዲያ የዘቢደርን እስክርቢቶ ብቻ ታያለች።

እውነቱን ለመናገር፣ ዘቢደር እስክርቢቶውን ይዛ ጥቂት ቆየች። ከሁለቱ ጠርሙሶች የጎደለው አንድ ላይ ሲደመር ልክ ነው። «አርባ ሦስት፣ በታዘዘው መሠረት ወስዷል። አርባ አራት፣ በታዘዘው መሠረት ወስዳለች» ብትል ማንም አያውቅም። ሰኞ ስብሰባ አለ፣ ማህደሯ ከፍ ብሎ ይታያል። ሴቶቹም ደስ ይላቸዋል። ማን ተጎዳ?

ግን ያች የቆየች ጥያቄዋ አለች። አንዱን ልጅ አድኖ ሌላውን የማያድነው ለምንድን ነው? እሷ ዛሬ ብትዋሽ፣ ወደፊት አንድ ሐኪም «ይህ ይሠራል፣ ያ አይሠራም» ሲል የሚናገረው በእሷ ውሸት ላይ ቆሞ ነው። የሚጠጣው ደግሞ አንድ የማታውቀው ልጅ ነው።

«እጽፋለሁ» አለች። «ማንም አያወጣችሁም፣ ክትትሉም አይቀርም፤ ለዚህ እኔ ዋስ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ ግን አጥሩን ጨውም እሳትም ይለፍበት፣ ሽሮፕ አይለፍበት። እማማ፣ ጆጉን ለእኔ ይስጡኝ።»

እማማ ፀዳለ ጆጉን አቀፉት። «ጆግ የለኝም እኮ ሌላ» አሉ። ዘቢደር ተሸነፈች፤ ጆጉ እዚያው ቀረ።

ውጭ ወጥታ ባህር ዛፍ ተደግፋ ለዶክተር ነአምን ደወለች፤ ሁሉንም ነገረችው።

«ሲስተር፣ ይሄ እኮ ፕሮቶኮል ዴቪዬሽን ነው፤ ከጥናቱ ደንብ መውጣት» አለ።

«ስሙን ተወውና፣ ልጆቹ ይጎዳሉ ወይ?»

«አይጎዱም። በሁለቱም ጠርሙስ ውስጥ አሞክሲሲሊን አለ፣ መጠኑም ልክ ነው። አዲስ ጠርሙስ እልካለሁ፣ ቀሪውን ቀን በየራሳቸው ይጨርሱ። ከጥናቱም አይወጡም። ምን እንደተደረገ ግን በደንብ ይጻፉት።» ከዚያ «ሲስተር፣ በጆግ አሉኝ?» አለ።

«በጆግ።»

ሳቁን ስልኩን ከአፉ አርቆ ሊደብቅ ሞከረ። በቀኝ ጆሮዋ ነበርና የያዘችው፣ ሰማችው።

ዳገቱን ስትወርድ አንድ ነገር ከነከናት። ቅጹ ላይ ያለው ጥያቄ «ልጁ የታዘዘለትን ሙሉ በሙሉ ወስዷል ወይ?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ አርባ አራት እናቶች ጠይቃ አርባ አራቱም አዎ ብለዋታል። ፍቅርአዲስና ሰዓዲያም በሁለተኛው ቀን አዎ ብለዋል፤ ዛሬም ቢጠየቁ አዎ ይሉ ነበር፤ ውሸትም አይሆንም፣ ሙሉ በሙሉ ነው ያጠጡት። መካፈላቸውን ማንም አልጠየቃቸውም። ከጎረቤት ጋር ተካፍሎ ለሚኖር ሰው፣ መካፈል ሳይጠየቅ የሚናገሩት ነገር አይደለም።

ስለዚህ ዓርብ ጠዋት በየገጹ ግርጌ በእጇ አንድ ጥያቄ ጨመረች፤ «ከዚህ ጠርሙስ ሌላ ልጅ ቀምሷል ወይ? ቀምሶ ከሆነም አልቆጣም።» ከዚያ ቀኑን ሙሉ ስትደውል ዋለች። አንዷ እናት ለእህቷ ልጅ ሁለት ቀን አጠጥታ ነበር። አንዷ ልጇ ሲሻለው የተረፈውን ለተከራይዋ ሕፃን ሰጥታለች። አንዷ ደግሞ «መንታ መሆናቸውን እኮ ነግሬሽ ነበር» አለች፤ ዘቢደር ግን አልነገረችኝም ብላ እስከ ዛሬ ትከራከራለች። ማታ ላይ ሲቆጠር ከአርባ አራቱ ዘጠኙ ተካፍለዋል። በአገር የተመሰገነው ንጹሕ ማህደር ይህ ነበር።

ዶክተር ነአምን ግን አልተቆጣም። «ጥያቄው በሁሉም ሰፈር ይጨመር» አለ። «‘አልቆጣም’ የሚለውም አይውጣ።»

ቅዳሜ ከሰዓት ዘቢደር ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ዘጠኙን ገጾች ስታስተካክል፣ ወይዘሮ ዓለም ፊት ለፊቷ ምስር ይለቅማሉ። እሷም እየጻፈች ታወራላቸዋለች፤ ስለ ጆጉ፣ ስለ አጥሩ ቀዳዳ፣ ስለ እማማ ፀዳለ ኮሶ። ወይዘሮ ዓለም በኮሶው እንባቸው እስኪወጣ ሳቁ። «እውነቷን ነው! ያላስቀመጠው ሰው ይደገምለት ነበር» አሉ። ዘጠኙ እናቶች ላይ ስትደርስ ግን ሳቃቸው ቆመ።

«ራሳቸው ነገሩሽ?»

«ስጠይቃቸው ነገሩኝ።»

«አልተቆጣሻቸውም?»

«ምን ብዬ እቆጣለሁ፣ እማዬ? ብቆጣ ይነግሩኝ ነበር? የሚቆጣ ሐኪም እኮ እውነት አይሰማም።»

ወይዘሮ ዓለም የምስሩን ሰፌድ አስቀመጡ። ተነሱ፣ ጠረጴዛውን ዞሩ፣ በርጩማ ስበው በልጃቸው ግራ በኩል ተቀመጡ። ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። ዘቢደር መጻፏን ቀጠለች፤ ጸሎት ነው። ኋላ የእናቷ እጅ ትከሻዋ ላይ ዐረፈ። ዞር ብላ ስታይ ወይዘሮ ዓለም እያለቀሱ ነው።

«እማዬ! ምን ሆንሽ? በዚያ በኩል አልሰማሽም እኮ። በቀኝ ነይ።»

ወይዘሮ ዓለም ተነስተው በቀኝ መጡ። ቆመው፣ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዘው፣

«ያንን ጥያቄሽን እኔንም ጠይቂኝ» አሉ።

ዘቢደር መጀመሪያ ቀልድ መሰላት። ከዚያ የእናቷን ፊት አየች፤ ቀልድ የለበትም። ወረቀቱን አነሳችና ለማንኛዋም እናት እንደምታነበው አነበበች።

«ከዚህ ጠርሙስ ሌላ ልጅ ቀምሷል ወይ?»

«ወንደሰን» አሉ ወይዘሮ ዓለም።

ዘቢደር እስክርቢቶዋን አስቀመጠች።

«ያኔ እሱም አተኮሰው፣ እሱም ጆሮውን ይዞ ያለቅሳል። ሁለት ዓመቱ ነበር። አባትሽ ክፍለ ሀገር ነው፤ ጠርሙሱ አንድ ነው፤ ልጆቹ ሁለት ናችሁ። ለሁለት አካፈልኩት፤ ጠዋት ለአንቺ፣ ማታ ለእሱ። ለአንዱ ሰጥቼ ለአንዱ እንዴት እከለክላለሁ? እሱ ዳነ። አንቺ ሳትድኚ ሐኪሙ ጋ መለስኩሽ። ‘ሙሉውን አጠጥተሻታል?’ አለኝ፤ ኮስተር ያለ ሰው ነበር። ‘አዎ ጌታዬ’ አልኩት። ፈራሁት፣ አፈርኩ። ከዚያ ‘መድኃኒቱ አልሠራላትም’ ብሎ ጻፈ። ከአፌ የወጣው ቃል ሐኪም ቤት ገብቶ እውነት ሆነ።»

ዘቢደር ተናደደች። እንደ ሐሙሱ ሳቅ የሚከተለው ንዴት አልነበረም። አርባ ስምንት ዓመት! ስንት ሐኪም ፊት «ለእኔ ፔኒሲሊን አይሠራልኝም» ብላለች። ፔኒሲሊንን አንድም ቀን ሳይበድላት ስሙን አጥፍታዋለች። ሙሉውን ብትጠጣ ትድን እንደነበር ማንም በእርግጠኝነት ሊነግራት አይችልም፤ ይህንን ነርስ ስለሆነች ታውቀዋለች። የወንደሰንም ጆሮ በግማሽ መድኃኒት ይዳን በራሱ ጊዜ ይዳን አይታወቅም። ግን ሐኪሙ እውነቱን ቢሰማ ኖሮ ሌላ ጠርሙስ ያዝላት ነበር፤ ይህን ታውቃለች፣ ይህም ነው ያመማት።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት። «ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርሽኝም፣ እማዬ?»

«ነግሬሻለሁ» አሉ ወይዘሮ ዓለም።

«መቼ?»

«ሁልጊዜ። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ፣ ገበያ ስንወጣ። በዚያኛው በኩል።» ጣታቸውን ወደ ግራ ጆሮዋ ዘረጉ። «ያጠፋሁት እሱን ነው፣ ለእሱ ስነግረው ኖርኩ። አንቺ ትሰሚኛለሽ ብዬ ግን ፈራሁ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የዘቢደር ጆሮ ግን እንዲህ ባዳ መሆኑን አላወቀችም ነበር። የእሑዶቹ መንገድ ሁሉ መጣባት፤ እነዚያ የሚንቀሳቀሱ ከንፈሮች፣ ዘወትር ወደ ግራ የሚመለሰው አካሄድ፣ ጸሎት ነው ብላ የተወችው ሁሉ። ንዴቷ የት እንደገባ አላወቀችም። ቀና ብላ የእናቷን እጅ ያዘችና አብረው አለቀሱ። ወይዘሮ ዓለም በልቅሶው መሃል «አልቆጣም ብለሻል እኮ» ሲሉ ሳቅ አመለጣት።

ከዚያ ተነስታ ከመሳቢያው የሕክምና ካርዷን አወጣች። በቀይ የጻፈችውን ሰረዘችው። ከሥሩም በሰማያዊ «ተካፍላ ነው የወሰደችው፣ ከወንድሟ ጋር» ብላ ጻፈች፤ ቀኑን አስገባች፣ ፈረመችበት።

በማግስቱ እሑድ ከቤት ሲወጡ ወይዘሮ ዓለም እንደ ልማዳቸው በግራ ጀመሩ። አሥር እርምጃ ያህል ሄደው ቆም አሉ። በልጃቸው ጀርባ ዞረው በቀኝ መጡ፣ ክንዷን ያዙ። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ስለ ምስር መወደድና ስለ ወንደሰን ስልክ አለመደወል አወሩላት፤ ዘቢደርም ሁሉንም ሰማች።